ለሁለት የተገመሰች ክኒን

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለወንድምዓለም ምንይችል እንዳላማው፤ ሕንድ አገር፣ ሃይደራባድ።

እንዴት ሰነበትክልኝ ወንድምዓለም? አካልህ፣ ጉልበትህ፣ ዓይንህ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ የሚውለው ዓይንህ ነው ሁሌ የሚያሳስበኝ። ባለቤትህ ሄለንስ እንዴት ናት? ሙቀቱን ለመደችው? በርበሬያቸው ከእኛ ይብሳል ስትለኝ አላመንኩህም ነበር፤ አሁንም አላምንህም። እኛ የፈጠረን አምላክ ክብሩ ይስፋና ሁላችንም በእግራችን ቆመን እንሄዳለን፤ የጎደለን ድምፅህ ብቻ ነው። ኔትወርኩ ከጠፋ ወዲህ ስልኬ ሰዓት ከማየት ሌላ ለምንም አልጠቀመኝም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ወደዚያው ለትምህርት የሚመጣው የጎረቤታችን የየኔዓለም ልጅ አብይ ይዞልህ ይመጣል። በሶም ልኬልሃለሁ። እማየ በእጇ ነው ያዘጋጀችው፤ ለጓደኞቹ አድሎ ባዶውን እንዳይቀር ንገሪው ብላለች። የማን ልጅ እንደሆንክ ታውቃለችና አልፈረድኩባትም።

አሁን ወደ ወሬው። መጀመሪያ ልብህ ይረፍ፤ አባየ አሉ። ይበላሉ፣ ይቆጣሉ፣ ሻዩ ስኳር አነሰው ይላሉ። የመጨረሻው የደም ምርመራ ምን እንዳለ ግን አሁን አልነግርህም። ከነገርኩህ ቀሪውን ሳታነብ አጣጥፈህ ኪስህ እንደምትከተው አውቃለሁ። ስለዚህ በተራው አንብብ፤ ዘለህ ወደ ታች ብታይ አኮርፍሃለሁ። የምታውቀውንም እደግምልሃለሁ፤ ያኔ በስልክ ስናወራ ግማሹን ነፋስ ነው የበላው።

ጥቅምት ላይ አባየን ለክትትል አዲስ አበባ ይዣቸው ስሄድ ምንም ስጋት አልነበረኝም። የደም ካንሰር ነው ተብለው፣ እንደዚያ ከስተው፣ ግራ ጎናቸው ላይ ጣፊያቸው አብጦ ቀበቶ መታጠቅ ካቃታቸው በኋላ ያች ክኒን እንዴት እንዳነሣቻቸው አንተም አይተሃል። እብጠቱ ጎደለ፣ በሬ ጠምደው አረሱ፣ እኛም በሽታውን ረሳነው። ደጀን ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ቁርስ በልተን፣ እየተጫወትን ነው የዓባይን ቁልቁለት የወረድነው። ሐኪሟ ግን የደማቸውን ውጤት ስታይ ፊቷ ተለወጠ። በሽታው ተመልሶ እየጨመረ ነው አለች። መድኃኒቱን ያቋርጡ እንደሆነ ስትጠይቃቸው አባየ በጊዮርጊስ ስም ምለው አንዲት ቀን አላቋረጥኩም አሉ። እኔም አብሬ ማልኩ። እንግዲያው፣ አለች፣ በደማቸው ውስጥ ያለው የተበላሸው ኢንዛይም መልኩን ቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ከቀየረ ይህች ክኒን አትይዘውም፣ ሌላ ዓይነት መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል፣ እሱን ማግኘት ደግሞ ቀላል አይደለም። አባየ ደግሞ ምን እንዳለች በደንብ ሳይሰሙ መርቀዋት ወጡ።

ከሆስፒታሉ በር ላይ ሆኜ ደወልኩልህ። ግማሽ እየዋጡ እንዳይሆን ብለህ ጠየቅከኝ። ቆሽቴ አረረ። ሰውየው በጊዮርጊስ ምለው፣ አንተ እዚያ ተቀምጠህ ውሸታም ታደርጋቸዋለህ ብዬ እንዴት እንደጮህኩብህ መቼም አትረሳውም። ደግነቱ ጩኸቴን ከልጅነትህ ጀምሮ ለምደኸዋል።

በወሩ የማኅበሩ ተራ የፈንታ ነበር። ፈንታን ታውቀዋለህ፤ ከአጥራችን ማዶ ያለው፣ ከአባየ ጋር የጊዮርጊስን ጽዋ አብሮ የሚጠጣው ጎረቤታችን ነው። ዓምና ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ መጣ፤ ከፋሲካ ወዲህ ግን ትኩሳት አልለቀው አለ፣ ሰውነቱ አለቀ፣ ግራ ጎኑ አበጠ። ወባ ነው ተብሎ ታከመ፣ ጠበልም ተጠመቀ፣ አልተወውም። ብታመምም ተራዬን አላሳልፍም ብሎ ማኅበሩን ጠራ። እኔ ለድግሱ ላግዝ ከሉማሜ ሄጄ ገና ከበሩ ስደርስ ሚስቱ ታየች ጉልበቴ ላይ ወደቀች። ምነው፣ ምን ሆንሽ ብላት፣ ዕድሜ ለአባትሽ፣ ከአፋቸው ነጥለው ባያጎርሱት ኖሮ ባሌ ይሄኔ አፈር ነበር አለችኝ። ምን አጎረሱት አልኳት። ክኒኗን ነዋ፣ ከሰኔ ጀምሮ ጧት ጧት ግማሿን ለእሱ፣ ግማሿን ለራሳቸው አለች። የያዝኩትን እንስራ አስቀምጬ እንደገና አስደገምኳት።

አባየን በማኅበሩ መሀል ላዋርዳቸው አልፈለግኩም። ቤት እስክንገባ ምላሴን ነክሼ ቆየሁ። ቤት ገብተን በሩን እንደዘጋሁ ግን የልቤን ሁሉ ተናገርኩ። ሰምተው ሲያበቁ፣ እሱ ልክ እንደኔ ግራ ጎኑ አብጦ እያየሁ፣ የእኔን ያጎደለችልኝን ክኒን ኪሴ ይዤ፣ ከአንድ ጽዋ እየጠጣሁ፣ ለብቻዬ ልዋጣት? ምን ዓይነት ሰው ልታደርጊኝ ነው አሉኝ። በምላጭ ነበር የሚገምሷት፤ እንደ ማኅበሩ ዳቦ። እኩል አልገመስ ስትላቸው ደግሞ ትልቋን ለፈንታ ይሰጡ ነበር። ይህን የነገረችኝ እማየ ናት፤ እሷም ታውቅ ነበር እኮ! ልቆጣ የተነሣሁት ሴትዮ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ ደግሞ እንደገና ተቆጣሁ።

በማግስቱ ኔትወርክ ፍለጋ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ወጥተን ደወልንልህ። ትጮህባቸዋለህ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እኔ ብሆን እጮህ ነበር። አንተ ግን ሁሉንም ሰምተህ መጀመሪያ ያልከው፣ አባየ፣ ጥሩ ሰው ነዎት ነው። ለዚህች ቃል ብቻ እግርህን ባጥብህ አይቆጨኝም፣ ወንድምዓለም። አባየ ከታመሙ ጀምሮ አንገታቸውን ደፍተው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነበር፤ ያች ቃልህ ቀና አደረገቻቸው።

ከዚያ እህል ስለምናስፈጭበት ስለ ይጁቤው ወፍጮ አወራሃቸው። ዛሬ አባየ ሻይ ቤቴ ለሚገባ ሹፌር ሁሉ ስለሚያስረዱት እኔም ሸምድጄዋለሁ። በደምዎ ውስጥ አንድ የተበላሸ ወፍጮ አለ፤ ማጥፊያው ተሰብሮ ሌት ተቀን ይፈጫል፣ ደምዎ ያለ ልክ የሚበዛው በእሱ ነው፣ ኢንዛይም የምንለው እሱን ነው አልካቸው። ክኒኗ እህል በሚገባበት በወፍጮው አፍ ውስጥ ልክ ገብታ እንድትሰነቀር ተለክታ የተጠረበች ድንጋይ ናት፤ እሷ እዚያ ካለች እህል አይገባም፣ ወፍጮው ሥራ ይፈታል። ወፍጮው ግን አንድ አይደለም፣ እልፍ ነው። ግማሽ ክኒን ለሁሉም አይደርስም፣ ያልተዘጋው መፍጨቱን ይቀጥላል። እንዲህ እየፈጨ ሲቆይ ከመሀላቸው አፉ የተዛነፈ ሊፈጠር ይችላል፤ ለእሱ ያች ድንጋይ አትሆንም፣ ሌላ መጥረብ ያስፈልጋል። የአንተም ሥራ ይኸው መሆኑን ነገርካቸው፤ የወፍጮውን አፍ ቅርጽ ኮምፒውተር ላይ እያየህ፣ ከዚህ ቀንሰህ ከዚያ ጨምረህ የሚገጥመውን ሞለኪውል ማበጀት። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ሥራህ ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ለሰው ሁሉ ኮምፒውተር ይጠግናል እያልኩ ነበር።

አባየ ይህን ሁሉ ሰምተው ስለራሳቸው አንዲት ነገር አልጠየቁህም። ታዲያ ለፈንታ ወፍጮ የምትሆነዋ የት ናት ነው ያሉህ። አንተም ጣፊያ የሚያሳብጥ በሽታ ብዙ ነው፣ የፈንታ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ለአንዱ የተጠረበች ለሌላው አትሆንም አልክ። የት ከርሞ እንደመጣ ጠየቅክ፤ መተማ ስንልህ ድምፅህ ተለወጠ። ካላዛር የሚባል በሽታ አለ፣ በዚያ ቆላ ከግራሩ ሥር የምትነክስ ደቃቅ ዝንብ ናት የምታመጣው፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ለዚህ ይመርመር፣ ካልታከመ ይገድለዋል አልክ። አባየ ስልኩን እጄ ላይ ጥለውት ጉብታውን ቁልቁል ወረዱት። እኔና አንተ ጥቂት አወራን፤ በዚያው ሳምንት ኔትወርኩ ጠፋ። ከዚህ በኋላ ያለውን አንተ አታውቀውም።

ፈንታን የማኅበሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት አደረሱት። መንገዱ ተዘግቶ ነበርና እዚሁ ሉማሜ እኔ ቤት ተኝቶ ጠበቀ። ሲከፈት ሙላት መኪና ለምኖ ማርቆስ ወሰደው። ባሌን ታውቀዋለህ፣ ሰው መለመን ሞቱ ነው፤ ያን ቀን ግን አንዱንም ሹፌር ሳይለምን አላለፈም። ደሙ ሲታይ ልክ እንዳልከው ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞቹ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። መርፌው ወዳለበት ሆስፒታል ላኩትና ታየች አብራው ሄደች። በየቀኑ ይወጉት ነበር፤ መርፌው ከበሽታው ይብሳል እያለ ያለቅስ እንደነበር እሷ ናት የነገረችን፣ እሱ ግን ይክዳል። ተመልሶ ሲመጣ ትኩሳቱ የለም፣ የጎኑ እብጠት ጎደለ፣ ምግብ አምጡ ምግብ አምጡ ሆነ። አንተ ያን ቀን የት ከረመ ብለህ ባትጠይቅ ኖሮ ግማሽ ክኒን እያጎረስነው ልንቀብረው ነበር። ታየች ይህን ካወቀች ወዲህ ስምህን ስትሰማ ብድግ ትላለች።

አባየን ደግሞ ሉማሜ አምጥቼ እኔው ጋ አስቀመጥኳቸው፤ ከዓይኔ እንዳይርቁ። እማየም ተከትላ መጣች። አባየ እስረኛ አደረግሽኝ ብለው ለሰፈሩ ሁሉ ከሰሱኝ። ጧት ቁርስ ቀምሰው ክኒኗን ይውጣሉ፣ ከዚያ ልጄ ሂዊ ምላስዎን ያሳዩኝ ትላቸዋለች፤ እሷን እሺ ይላሉ፣ እኔን ቢሆን በከዘራ ነው። አንድ ነገር ግን አንጀቴን ይበላኝ ነበር። ክኒኗን ሲውጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ምነው ስላቸው፣ ሰው እያየ ለብቻ መዋጥ ያሳፍራል አሉኝ። ፈንታ የራሱን መድኃኒት አግኝቷል ብላቸውም ልማዱ አልለቃቸው አለ። እኔም አልተጫንኳቸውም፤ ብቻ ይዋጡት እንጂ ወደፈለጉት ይዙሩ አልኩ። ቢሆንም በልቤ ፍርሃት ነበረብኝ። ወፍጮው በዚያ መሀል አፉን ለውጦ ቢሆንስ እያልኩ፣ ሻይ ስቀዳ እንኳ ስኳርና ጨው ይምታታብኝ ነበር። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር በጨው ሻዬን ጠጥቶ እስካሁን ሲያየኝ ያማትባል።

ጥር ላይ መንገዱ ሰላም ሲሆን ሄድን። ደሙ ተወሰደ፣ ተጠበቀ። ሐኪሟ ስትጠራን አባየ ናቸው እጄን ይዘው ያስገቡኝ። ወረቀቱን አየችና ሳቀች። እሰይ የእናቴ ልጅ፣ ሳቀች! በሽታው በደንብ ወርዷል፣ ኢንዛይሙም መልኩን አልለወጠም፣ ያችው የድሮዋ ክኒን ትይዘዋለች፣ ብቻ ሙሉዋን ይዋጡ አለች። እልል ልል አፌን ስከፍት ሆስፒታል መሆኑ ትዝ አለኝና በነጠላዬ አፈንኩት። አባየ ሐኪሟን መረቋት፣ ከዚያ ስለ ወፍጮው ያስረዷት ጀመር። ትዕግሥቷ የተባረከ ይሁን፣ እስኪጨርሱ ሰማቻቸው።

ከዚያ ሲመለሱ አንድ ነገር አመጡብን። ክኒኗን የሠሩትን ሰዎች በጸሎት ላስብ ብለው ነፍስ አባታቸው ቄስ ምስጋናው ጋ ሄዱ። ቄሱም የክርስትና ስማቸውን አምጣ አሏቸው። አባየ ቀጥ ብለው እኔ ጋ መጡና ለምንይችል ጻፊለት፣ የክርስትና ስማቸውን ጠይቆ ይላክልኝ አሉ። አባየ፣ የሠሯት ሰዎች እኮ ብዙ ናቸው፣ በየአገሩ ናቸው፣ ሁሉም ክርስቲያን አይደሉም፣ የሞቱም ይኖራሉ ብላቸው፣ የሞቱትን ለብቻ ጽፎ ይላክ፣ ለእነሱ ጸሎቱ ሌላ ነው አሉኝ። ቄስ ምስጋናው ይህን ሲሰሙ ስቀው፣ እኛ ስማቸውን ባናውቅም የሚያውቃቸው አለ ብለው ገላገሉኝ። እስከዚያው ግን አባየ በእነሱ ምትክ ያንተን የክርስትና ስም እያስጠሩ ነው። ወልደ ጊዮርጊስ እየተባልክ በየእሑዱ ትጠራለህ።

ይህን የጻፍኩልህ ላስቅህ ብዬ ብቻ አይደለም። ያን ቀን አባየ ጉብታውን ከወረዱ በኋላ ለእኔ ለብቻዬ የነገርከኝ ነገር ከሆዴ አልወጣም። ስንት ዓመት የደከምክበት ሞለኪውል ኮምፒውተር ላይ አምሮ አምሮ፣ አይጥ ላይ ሲሞከር ጉበት የሚጎዳ ሆኖ እንደተጣለ፣ እስካሁን አንድም የእጅህ ሥራ የታመመ ሰው አፍ እንዳልደረሰ፣ ትተኸው ሌላ ሥራ ልትይዝ እንዳሰብክ ነግረኸኝ ነበር። ያኔ ጥሩ ምግብ ብላ አልኩህ። ምን ዓይነት ምክር ነው! አሁን የምልህ ይህ ነው፤ ሥራህን ባታውቀው ኖሮ አባየንም ፈንታንም ዛሬ አናገኛቸውም ነበር። አመሰግንሃለሁ፣ ወንድምዓለም። በአካል አግኝቼህ አንገትህን አቅፌ እስካመሰግንህ ይህ ይቆይልኝ።

ሙላት ሰላም ብሎሃል፤ የሹፌር ልመናው ብድር አለብህ ይልሃል፣ ቀልዱን ነው። ሂዊ ወደፊት እንዳንተ የወፍጮ አፍ አያለሁ ብላ ሒሳብ ማጥናት ጀምራለች፤ ሰላምታዋን ለአንተም ለሄለንም አድርሺልኝ ብላለች። እማየ ጉንጭህን ስማ አትጠግብም፤ በሶውን በማር በጥብጠው እንጂ በስኳር እንዳታበላሸው ብላለች። ታየች እግዚአብሔር ዘርህን ይባርከው ትላለች። ፈንታ ከሠፈራችን በእግሩ ተጉዞ ሰላምታውን ሊያስጽፈኝ እዚህ አጠገቤ ቁጭ ብሏል። ለዚህ በሽታ ደግሞ የሚዋጥ ነገር ብትሠሩለት፣ መተማ የሚወርደው ሰው ሁሉ ቂጡ ወንፊት ባልሆነ ነበር በይው አለኝ፤ እንዳለው ጻፍኩት።

አባየ የእኔ ሰላምታ የመጨረሻው ይሁን ብለው ተራቸውን ለሁሉም አሳለፉ። ስለ ሞለኪውሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ ከእሳቸው መደበቅ አልችልም፣ ይቅር በለኝ። ሰምተው እንዲህ ብለሽ ጻፊ አሉኝ፤ የእኔን ክኒን ከጠረቧት ሰዎች መሀል አንዱ እንደ ልጄ የደከመበት ተጥሎበት፣ ልቡ ተሰብሮ፣ ሥራውን ሊተው ተነሥቶ የነበረ አይጠፋም። ያ ሰው እኔን አያውቀኝም፣ ስሜንም አልሰማም። ግን አልተወም፣ እኔም ይኸው አለሁ። ልጄንም አንድ የማያውቀው ሰው ግራ ጎኑን ይዞ እየጠበቀው ነውና፣ እንዳይተወው።

እህትህ ያለምወርቅ እንዳላማው
ሉማሜ፣ ምሥራቅ ጎጃም
የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.